የቦርከና ዳር ወንበር

ጀላል ትከሻውን ሰብስቦ፣ እግሮቹን ከወንበሩ ሥር አጥፎ፣ ለወንዙ ጀርባውን ሰጥቶ በሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቱ ኡሙሰልማ ከደሴ ኮምቦልቻ ያመጣችው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚያፍሱት ሰዎች ባለሥልጣን በሚዝናናበት ትልቅ ሆቴል አይፈልጉትም ብላ ነው። «ብቻ ሰው ፊት እንዳትነሣ፤ ቁመትህ ያጋልጥሃል» ብላዋለች።

የምልመላው ኃላፊ ግን ራሱ ቅዳሜን ሊያሳልፍ እዚያው መጣ። ቦርከናን እያየ ሻዩን ይዞ አጠገባቸው ቆመ።

«እትዬ፣ ይሄ ጎረምሳ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አራት። የጎረመሰው ሆዱ ብቻ ነው፤ ቁርስ ላይ ባዩት።»

ኃላፊው ሳቀ። ጢም ያልነካውን የጀላልን ፊት አየና ሊሄድ ዞር አለ።

በዚህ መሀል የደሴው ሰኞ ገበያ ሽማግሌ ነጋዴ ሐጂ ዓብደላ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ በረንዳው ብቅ አሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

ኡሙሰልማ የልጇን ጉልበት በጠረጴዛው ሥር ጫን አድርጋ ያዘች። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለታላቅ ካልተነሣ ምሳ የምትከለክለው ግን እሷው ነበረች። ጉልበቱ ከእጇ ወጣ።

«ወዐለይኩም ሰላም፣ ሐጂ። እዚህ ይቀመጡ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

ቀጥ ብሎ ሲቆም ከኃላፊው በአንድ ስንዝር ይረዝም ነበር።