የዊልፍ ምላስ

ዊልፍሬድ ጋርሳይድ ሚስቱን ማርጆሪን አበባ ሲፈነዳ ቀበረ። ቅጠል ሲረግፍ ቢራው ኮመጠጠ።

ሌላ ቤት ቢሆን ማንም ጉዳዬ አይለውም ነበር። የእሱ «ጥቁሩ አውራ በግ» ግን በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ኮረብቶች ሁሉ በበርሜል ቢራው የታወቀ መጠጥ ቤት ነው። የበርሜል ቢራ ምድር ቤት ከገባም በኋላ መፍላቱን አይተውም፤ ጠባቂው ካልነቃ ይበላሻል። ዊልፍ ንቁ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀምሶ ያላማረውን በርሜል ያለ ርኅራኄ ሲደፋ አገር አይቶታል።

ቢራው በኮመጠጠበት ቀን የድንጋይ ካብ ሠሪው ሮይ ሄብደን አንድ ጊዜ ተጎነጨና ዓይኑ ፈጠጠ። አጠገቡ የነበረችው ጡረተኛዋ ፖስተኛ ኢኒድ ባራክሎ በጠረጴዛው ሥር ረገጠችው። ዋጠው።

«እንዴት ነው?» አለ ዊልፍ ከባንኮኒው ጀርባ።

«እንደ ወትሮው» አለች ኢኒድ።

ዊልፍ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወረደ።

«ኮምጣጤ እኮ ነው!» አለ ሮይ በሹክሹክታ። «ሰላጣ ላይ ነው የሚፈሰው!»

«ዝም በል። ምላሱ ሞቷል። ወንድሜም ሚስቱ የሞተችበት ጊዜ ጨውና ስኳር መለየት አቅቶት ነበር። ሐዘን ነው። ቢራህ ተበላሸ ብንለው ምን ይቀረዋል?»

«እና እስከ መቼ ልንጠጣው ነው?»

«እስኪድን።»

ሌሎቹ ደንበኞች አልቻሉም። አንድ በአንድ ሸለቆውን እየተሻገሩ ወደ ሌላው መጠጥ ቤት፣ ወደ «ነጩ ፈረስ» ገቡ። ሮይና ኢኒድ ብቻ ቀሩ። ማታ ማታ እየመጡ፣ ፊታቸውን ሳያኮማትሩ፣ ብርጭቋቸውን እስከ አተላው ይጨርሱ ነበር።

ብርዱ ሲጠና ዊልፍ እሳት ማንደድ ተወ።

«እንጨት አልገዛሁም» አለ። «ነጩ ፈረስ ጋ ጥሩ እሳት አለ አሉ።»

በማግስቱ ሮይ መኪናው ሙሉ እንጨት ጭኖ መጣ።

ዊልፍ ደንበኞቹ ቀስት እየወረወሩ የሚጫወቱበትን የዳርት ሰሌዳ ከግድግዳው አወረደ። ግድግዳው ሊቀባ ነው አለ። ቀቢ ግን አልመጣም። ኢኒድ ከቤቷ ዶሚኖ ይዛ መጣች።

አንድ ቀን ዊልፍ መወልወያ ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ወረወረና «እናንተ ሰዎች ቤት የላችሁም እንዴ?» ብሎ ጮኸባቸው።

«አለን» አለ ሮይ። «ግን ያንተን ፊት የመሰለ የሚያስቅ ነገር የለበትም።»

ዊልፍ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ፊቱን አዞረ።

ሸሚዙ እላዩ ላይ ይንዠረገግ ጀመር። «አይበላም» አለች ኢኒድ፤ «ማን ያብስልለት?» የሥጋ ፓይ እየጋገረች ታመጣለት ጀመረች። ዊልፍ ማክሰኞ ማክሰኞ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። ማርጆሪ የተቀበረችው እዚያው ከተማ፣ ከወላጆቿ ጎን ነው። ስለዚህ ወዴት ነው የሄድከው ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የሮይ ሆድ እምቢ አለ።

«ኢኒድ፣ አንጀቴ የቆዳ ፋቂ ገንዳ ሆኗል። እወደዋለሁ፤ ግን ሊገድለኝ ነው።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ አውቶቡሱ ዊልፍን ይዞ ሲሄድ ጠበቁና ማርጆሪ በሕይወት ሳለች ለኢኒድ በሰጠቻት ቁልፍ የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። ምድር ቤቱ እንደ ድሮው ነበር፤ ወለሉ ታጥቧል፣ ቱቦዎቹ ያበራሉ፣ በርሜሎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል። አፉ ክፍት የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ ከመቅጃው ጋር የተያያዘው።

«በል እየው፣ መክደን ረስቷል!» አለች ኢኒድ። «አየር እየገባበት ነው የሚኮመጥጠው። ልቡ የት አለና፣ ምስኪን።»

ሮይ ከጎኑ ያለው በርሜል ላይ ቧንቧ ሰካና በመዳፉ ተቀብሎ ቀመሰ። ደግሞ መዳፉን ሞልቶ ጠጣ።

«ይሄ እኮ የድሮው ነው» አለ በመጨረሻ።

ቱቦውን ነቅለው ወደዚያኛው አዛወሩት።

ከአውቶቡሱ እንደ ወረደ ዊልፍ ሁለት ብርጭቆ ቀዳላቸው። ሮይ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። ኢኒድ አንድ ጊዜ ተጎንጭታ መሐረቧን ፈለገች። ዊልፍ ፊታቸውን አይቶ ደነገጠ። ለራሱም ጥቂት ቀድቶ ቀመሰ። ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«በርሜሌን ማን ነካው?»

«እኛ ነን» አለች ኢኒድ። «አትቆጣን፣ ዊልፍ። ማርጆሪ ከሞተች ወዲህ ምላስህ እንደ ሄደ እናውቃለን። ብርዱን ሙሉ ስንጠጣ የከረምነው ኮምጣጤ ነው። ብንነግርህ ትሰበራለህ ብለን ነው።»

«ብርዱን ሙሉ? እያወቃችሁ?»

«እያወቅን።»

«ሌሎቹ ሲሄዱ እናንተ ለምን አልሄዳችሁም?»

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለ ሮይ።

ዊልፍ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ በመካከላቸው ተቀመጠ። ማርጆሪ ከሞተች ወዲህ እንዲህ አጠገባቸው ተቀምጦ አያውቅም። በመወልወያ ጨርቁ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ይንሰፈሰፍ ነበር። ሮይ ከባድ እጁን ጀርባው ላይ አሳረፈ።

«አይዞህ ወንድሜ። ምላስ ይመለሳል። ትድናለህ።»

«ምላሴማ ደህና ነው» አለ ዊልፍ፤ «ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያዩኝ ሐኪሞች ለፋሲካ አትደርስም ካሉኝ ቀን ጀምሮ በገዛ እጄ ነው የማኮመጥጠው፤ እኔ ሳልሞት ሌላ ቤት እንድትለምዱ ብዬ።»