የላይኛው መደርደሪያ

በዚህ ዘመን ምክንያት የሌለው ነገር ቤት ውስጥ አይቆምም። ቤታችን ሲነደፍ የእያንዳንዱን በር፣ የእያንዳንዱን ግድግዳ ምክንያት ለንድፍ ማሽኑ ነግረነዋል። እሱም እስከ ዛሬ ቤቱን ይከታተላል፤ ምክንያቱ ያለፈበትን ነገር ያፈርሳል።

ዛሬ ጠዋት ከባለቤቴ ከደባልቄ ጋር ቁርስ እየበላን ሳለ ማሽኑ ተናገረ።

«የወጥ ቤቱ ላይኛው መደርደሪያ ለእርስዎ ቁመት አይመችም። ያኔ የነገሩኝ ምክንያት ‹ማሩን ደባልቄ እንዲያወርድልኝ› የሚል ነበር። የአቶ ደባልቄ እጅ ግን ከትከሻ በላይ መነሣት ካቆመ ሰንብቷል። ስለዚህ መደርደሪያው ነገ ዝቅ ይላል።»

ደባልቄ አቀረቀረ። እሱ የእጁን ሕመም ሲደብቀኝ፣ እኔም አውቄ እንዳላወቀ ሰው ሆኜ «ማር ሰለቸኝ» ስለው ከርመን ነበር። ይሄ አፈ ሰፊ ማሽን ዘከዘከው!

«ምክንያቱን ቀይረው» አልኩት በንዴት። «እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ማሩን ሳወርድ፣ ደባልቄ ወንበሩን እንዲይዝልኝ ነው።»

«ወንበሩ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ የማይነቃነቅ ልነድፍልዎ እችላለሁ።»

«እንዳትነካው!» አለ ደባልቄ። ብድግ ብሎ ወንበሩን መደርደሪያው ሥር ጎተተና በደህና እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

«በይ ነይ፣ ቁሚበት።»