የበግ ሳንባ

መምህር ከሊፋ ሳንባውን ያመጣው የሰንጋ ተራውን ባለ ሉካንዳ ቢላ እንዳያስነካበት ለምኖ ነበር። ተማሪዎቹ ስለ መተንፈስ ከመጽሐፍ ብቻ ከሚያነቡ፣ በጎማ ቱቦ እየነፉ በዓይናቸው እንዲያዩት ፈልጓል። ቱቦውን ግን የሚቀበለው አጣ። አብዮት ጥበቃዎች ቀመሪያን ከዚሁ ክፍል ከወሰዷት ወዲህ ልጆቹ ዝምታ ለምደዋል፤ ባዶ ወንበሯን እንኳ ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

በሩ ተንኳኳ። “ደግሞ ማንን ሊወስዱ ይሆን?” ሲል ከሊፋ በልቡ፣ ቱቦውን እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ። በሩን ገፋ አድርጋ የገባችው ቀመሪያ ነበረች። ከስታለች፤ ሻሿ ግን ታጥቦ ተተኩሷል።

“ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ለቀቁኝ። መግባት እችላለሁ?”

ከሊፋ ቱቦውን ዘረጋላት። ተቀብላ ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና ነፋች። ጥቁርቁር ያለው ሳንባ እየተነፋ፣ ቀለሙም እየፈካ ሄደ። ከኋላ ያሉት ልጆች ለማየት ወንበር ላይ ወጡ።

ቀመሪያ ቱቦውን ከአፏ አውጥታ፣ “የምን ሳንባ ነው ጋሼ?” አለችው።

“የበግ።”

“እኔ ደግሞ ሽታው ምንድን ነው እላለሁ።”

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከሊፋ “ከወንበር ላይ ውረዱ” ማለት ነበረበት፤ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ሳቃቸውንም እስኪጠግቡ ተዋቸው።