ይገዙ ወይስ አይገዙ

የምክር ቤት አባሏን ከጠዋት ጀምሮ የሰማችው ሙገሳ አንገፍግፏታል። የመከላከያ ሚኒስትሩ «ይገዙልን» ያሏቸውን ተዋጊ አውሮፕላኖች ፎቶ በስክሪን አሳይተዋል፤ አባላቱም «ሰማያችን ራቁቱን ቀረ» እያሉ አውሮፕላኖቹን ተራ በተራ ያሞግሳሉ። አጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት «ሕዝባችን እንደሆነ ጾሙን ማደር ለምዷል» ሲሉማ እጇን አወጣች።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የእኔ መራጮች ወላድ ዛሬም በቃሬዛ ነው ሐኪም ቤት የሚያደርሱት። ይህ ግዢ...»

የአዳራሹ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ሁሉም ወደ ውጭ ዞረ። እነዚያው የፎቶው አውሮፕላኖች፣ ጅራታቸው ላይ ባንዲራችን ተስሎ፣ ጎን ለጎን ሰማዩን ሰንጥቀው አለፉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

አፈ ጉባኤው ጩኸቱ እስኪርቅ በትዕግሥት ጠበቁ።

«ይቀጥሉ የተከበሩ፤ ይገዙ ወይስ አይገዙ ነበር ያሉት?»