የልጄ ነውር
ሦስት ሽማግሌዎች ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ እኔማ ቆማ ቀረች ብዬ ስጨነቅ ነበር። ቢሆንም በሠርጓ ማግስት እንዳይመልሷት ፈራሁና እውነቱን አወጣሁት።

«አባቶቼ፣ ኋላ አልሰማንም እንዳትሉ። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሌላ ሰው መስሎ መልበስ ነፍሷ ነው። አንድ ቀን ወታደር፣ ሌላ ቀን መነኩሴ ሆና ትመጣብኛለች። ባሏ ደንግጦ ቢሞትስ?»

«ልጁ አሳምሮ ያውቃል፣ ወይዘሮ ጌጤ። እየሳቀ ነው የላከን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«እኔስ እሺ። እሷ ግን ግትር ናት፤ እምቢ ብትለኝስ?»

እስካሁን ከማሳል በቀር ቃል ያልተነፈሱት ሦስተኛው ሽማግሌ ነጭ ጺማቸውን ከአገጫቸው ላይ ላጥ አደረጉት።

«እሺ ብያለሁ፣ እማዬ።»