አምስት ደቂቃ ለቅሶ

«ላንሳው እንዴ?» አለች እናትየው፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል ቀርቅራ።

አጥኚዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ከለከለቻት። የየአገሩ ሕፃናት አፋቸውን እንዴት እንደሚፈቱ እንድታጠና ለማስተርሷ ገንዘብ የሰጧት ፈረንጆች፣ ለቅሶ ሲቀዳ አምስት ደቂቃ ማንም ልጁን እንዳይነካ አዘዋት ነበር። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን ጣሪያውን አንቀጥቅጦ አለፈ፤ ሕፃኑ ግን እጁን ወደ እናቱ እንደዘረጋ ይንሰቀሰቅ ነበር።

ድምፅ መቅጃው ቴፕ ቀጭ ብሎ ሲቆም እናትየው ተወርውራ አነሳችውና ጡቷን አጎረሰችው። ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ላይ ካለው ደብዳቤ አልተነቀለም። አጥኚዋ ያንን ማህተም ያለበት የቀበሌ ደብዳቤ ያመጣችው በር እንዲከፈትላት ብቻ ነበር። እናትየው ግን እንደ ትእዛዝ እንደፈራችው አሁን ገባትና አንገቷን ደፋች።

«ጓድ፣ በደንብ አለቀሰልዎት?» አለች እናትየው በፍርሃት። «ካነሰም ጡቱን ከአፉ ነጥቄ ደግሜ አስለቅሰዋለሁ።»