የጠሃ አቡጀዲ

ጠሃ የአቡጀዲውን አንድ ጫፍ ጨብጦ ጨርቁ እንዲያፈስ በልቡ ይለምናል። ያ ረቢ፣ አንድ ጠብታ ብቻ! የቀሩትን ሦስት ጫፎች ሌሎች እስረኞች ወጥረው ይዘዋል።

"ካፈሰሰ አሻጥር ነው፤ የምጠይቀው አንተን ነው" አለው ካድሬው፣ ባልዲውን እያነሳ።

እስካሁን አቡጀዲውን ውኃ የማያስገባ የቡና መሸፈኛ ሸራ የሚያደርጉት መምህር ደምመላሽ ነበሩ። የሊሙ ገነት ቡና ማስጫው ላይ ዝናብ እየመታው ሲሻግት፣ ኬሚስትሪ አስተማሪ እስር ቤት ውስጥ እንዳለ ትዝ ያለው ይኸው ካድሬ ነው። መምህሩ አቡጀዲውን በሳሙና ውኃ ይነክሩታል፤ ጨምቀው ደግሞ ሸብ የተባለው፣ ምላስ የሚይዝ ጨው የሟሟበት በርሜል ውስጥ ይከቱታል። "ሁለቱ ክሩ ላይ ሲጣበቁ ጥጡ ራሱ ውኃ ይጠላል" ይላሉ። በሕይወት ያቆያቸውም ይኸው ሥራ ነው። አብረዋቸው የተያዙት ሁሉ "ከነዕቃህ ውጣ" እየተባሉ ሄደው አልተመለሱም።

ትናንት ግን ካድሬው ልብስ ሰፊውን ጠሃን፣ "ይህን ብቻህን ሥራው። አንተ ከለመድክ መምህሩ ምን ያደርጉልናል?" አለው፤ መምህሩ እዚያው ቆመው እየሰሙ።

ጠሃ ጨርቁን ከሳሙናው አወጣና ሸቡን ሳያስነካ ጨምቆ አሰጣው። ወንፊት እንደሚሆን አልተጠራጠረም። ቢገርፉኝም ቢገድሉኝም ይሁን ብሎ ቆረጠ፤ ገና ጥርስ ያላወጣችው ልጁ ዙቤይዳ ትዝ ስትለው ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ካድሬው ውኃውን ገለበጠው። አቡጀዲው ረገብ ብሎ ውኃውን እንዳለ ያዘ። ካድሬው ጎንበስ ብሎ ከሥር በመዳፉ ዳሰሰው። ቆዩ። ጠሃ ዓይኑን ከመሬቱ አልነቀለም፤ አንድ ጠብታ እንኳ አልወረደም።

"ጋሪዳ! ጎበዝ!" ካድሬው ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወደ ቢሮው ገባ።

ጠሃ ግድግዳ ተደግፈው ወደቆሙት መምህር ሄደ።

"ጋሼ፣ ወላሂ እኔ ሸብ አላስነካሁትም።"

"ዐውቃለሁ። ጫፉን ብቀምሰው ምላሴን አልያዘኝም።"

"ታዲያ?"

"ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እኔ ከሸቡ በርሜል ከትቼ መልሼ አሰጣሁልህ።"

"ምነው ጋሼ! ምነው! እኔ ለእርስዎ ብዬ እኮ..." እንባው ቀደመው። በራሱም በእሳቸውም ተናደደ፤ መጮህ ፈልጎ አፉን በእጁ ያዘ።

"አንተ ልጅ አለህ" አሉት።

ቢሮው በር ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ወረቀት ይዞ ብቅ አለ። ማንንም ገና አልጠራም። መምህሩ ሹራባቸውን አውልቀው፣ "ክረምቱ ገና ነው፣ ልበሰው" ብለው ለጠሃ ሰጡትና በሸሚዝ ብቻ ቆመው የጫማቸውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመሩ።